የጠራ ሁሉ እውነት ነውን?

(ስለ ፊልምና ስለ ዲጂታል ካሜራ፤ ይበልጡንም ስለ ምስክርነት)

ክርክሩ አዲስ አይደለም። ሁለት ካሜራ ወዳዶች ሻይ ቤት ከተገናኙ አንደኛው «ፊልምን የሚያህል የለም» ይላል፤ ሁለተኛው «አንተ ገና ባለፈው ዘመን ውስጥ ነህ፤ ዲጂታሉ በጥራት ከበለጠው ቆየ እኮ!» ብሎ ይመልስለታል። ከዚያ በኋላ ቁጥር መወራወር ነው። ይህን ያህል ሜጋፒክስል፣ ይህን ያህል መስመር፣ ይህን ያህል ቅንጣት። ሻዩ ይቀዘቅዛል እንጂ ክርክሩ አይበርድም።

እኔ በዚህ ጽሑፍ ከሁለቱ አንዱን ለማንገሥ አልተነሣሁም። የምጠይቀው ከቁጥሩ በስተ ጀርባ ያለውን ነው። ለመሆኑ ምስል በጠራ ቁጥር ወደ እውነት ይጠጋልን? ብዙ ማሳየትና እውነቱን መናገር አንድ ናቸውን? ይህ የካሜራ ነጋዴ ጥያቄ ብቻ ቢሆን ኖሮ የመጽሔታችንን ቀለምና ወረቀት አላባክንበትም ነበር። ነገር ግን ዛሬ በየፎቶ ቤቱና በየሰው ስልክ ውስጥ የሙታን ፊት እየታደሰ ነው። ለታደሰው ፊት ተጠያቂው ማን ነው? ጉዳዩ እዚህ ላይ ሲደርስ የቴክኒክ ጉዳይነቱ ያበቃና የኅሊና ጉዳይ ይሆናል።

በመጀመሪያ ከቃሉ እንነሣ። እኛ «የምስል ጥራት» እንላለን። ጠላ ይጠራል፤ የደፈረሰ ውሃ ይጠራል፤ ክረምቱ ሲወጣ ሰማዩ ይጠራል። በእነዚህ ሁሉ ጥራት ማለት የድፍርሱ መወገድ ነው። አተላው ይዘቅጣል፤ የተሸፈነው ይገለጣል። ስለዚህ «ጥራት ያለው ፎቶ» ሲባል በጆሯችን የሚገባው «ንጹሕ፣ ያልተበረዘ» የሚለው ሐሳብ ነው። የካሜራ ጠበብት የሚለኩት ግን ሌላ ነው። ሁለት ጥቋቁር መስመሮችን ጎን ለጎን ያሠምራሉ፤ በመካከላቸው ነጭ ክፍተት ይተዋሉ። መስመሮቹን እያቀጠኑና እያቀራረቡ ይሄዱና «ካሜራው እነዚህ ሁለት ናቸው ብሎ መናገር የሚችለው እስከ የት ድረስ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ሁለቱ ተዋሕደው አንድ ግራጫ የሚሆኑበት ቦታ የካሜራው ዕውቀት ድንበር ነው። እንግዲህ ይህ ልኬት የመለየት አቅም ነው እንጂ የንጽሕና ልኬት አይደለም። ለሁለቱም «ጥራት» የሚለውን አንድ ቃል ስለምንጠቀም ብቻ፣ ብዙ የሚለይ ምስል ሁሉ ያልተበረዘ ምስል ይመስለናል። የክርክሩ ውል የጠፋው እዚህ ጋ ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ተፎካካሪዎች እንሂድ።

የተለመደው ባለ 35 ሚሊሜትር ፊልም አንዱ ሥዕል 24 በ36 ሚሊሜትር ነው። በላዩ በተቀባው ስስ ጄላቲን ውስጥ ብርሃን የሚነካቸው የብር ጨው ቅንጣቶች ተበትነዋል። ፊልሙ ሲታጠብ ብርሃን በበቂ የነካቸው ወደ ጥቁር ብር ይለወጣሉ፤ ያልነካቸው ታጥበው ይወጣሉ። ቅንጣቶቹ መጠናቸው እኩል አይደለም፤ አቀማመጣቸውም እንደ ተዘራ ጤፍ ነው እንጂ እንደ ተሰለፈ ጦር አይደለም። በዲጂታሉ በኩል ደግሞ ሁሉ ነገር ሰልፍ ነው። ባለ 24 ሚሊዮን ነጥብ ካሜራ ሰሌዳው ላይ በወርድ 6000፣ በቁመት 4000 ብርሃን ተቀባይ ነጥቦች እንደ ወፍራም መዝገብ በረድፍና በአምድ ተደርድረዋል።

እስቲ እናስላ። 6000 ነጥቦች በ36 ሚሊሜትር ላይ ሲደረደሩ ለአንድ ሚሊሜትር 166 ያህል ይደርሰዋል። አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ መስመር ለመያዝ ቢያንስ ሁለት ነጥብ ስለሚያስፈልግ፣ ካሜራው ሊለይ የሚችለው ከፍተኛው በአንድ ሚሊሜትር 83 ጥንድ መስመር ነው። ፊልሙስ? ለምሳሌ ባለ 400 ፍጥነት ጥቁርና ነጭ ፊልም በጣም ጥቁርና በጣም ነጭ የሆነ መስመር ሲቀርብለት 100 ያህል ጥንድ መስመር በአንድ ሚሊሜትር ይለያል። እሰየው! ፊልም አሸነፈ ማለት ነው። ይህ ወደ ነጥብ ሲመነዘር ከ34 ሚሊዮን በላይ ይሆናል። ነገር ግን ያው ፊልም የቀረቡለት መስመሮች ግራጫና ትንሽ ጠቆር ያለ ግራጫ ከሆኑ አቅሙ ወደ 50 ያህል ይወርዳል። ያን ጊዜ ሲመነዘር 8 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ብቻ ነው። አሁን ደግሞ ዲጂታሉ አሸነፈ።

ጓደኞቼ፣ እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። የአንድ ፊልም አቅም ከ34 ወደ 8 ሚሊዮን ያወረደው ፊልሙ ተለውጦ አይደለም። ያየው ነገር ነው የተለወጠው። ዓለም ጥቁርና ነጭ ሆና ስትቀርብለት ብሩህ ነው፤ ግራጫ ስትሆንበት ይደናገራል። የሰው ፊት ደግሞ ምንድን ነው? ጉንጭ ወደ አገጭ ሲያልፍ፣ ግንባር ወደ ፀጉር ሲደርስ፣ የዐይን ሥር ጥላ፣ የከንፈር ጠርዝ፣ ሁሉ በግራጫና በግራጫ መካከል ነው። የካሜራ ፈተና የሚዘጋጀው በጥቁርና በነጭ ነው፤ ኑሮ የሚኖረው ግን በግራጫው ውስጥ ነው። ይህን ለካሜራ ብቻ የምል እንዳይመስላችሁ። ሰውን «ወይ ከእኛ ወይ ከእነሱ» ብሎ ብቻ መለየት የሚችል ዐይንስ፣ ጥራቱ በየትኛው ሰሌዳ ተፈትኖ ነው? ይህች አገር እንዲህ ባለው ዐይን ታይታ ምን እንደ ደረሰባት ለእናንተ አልነግርም።

የዲጂታሉም ሌላ ጉድ አለ። ነጥቦቹ በራሳቸው ቀለም አያውቁም፤ የብርሃን ብዛት ብቻ ነው የሚቆጥሩት። ስለዚህ በየነጥቡ ላይ የቀለም መስታወት ተደርጎላቸዋል። ከ4 ነጥቦች 2ቱ አረንጓዴ፣ 1ዱ ቀይ፣ 1ዱ ሰማያዊ ብቻ ያያሉ። ይህን ዘዴ የኮዳክ ባልደረባ የነበረው ብራይስ ባየር እ.ኤ.አ. በ1976 ባለመብትነቱን ያስመዘገበበት ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ከ3ቱ ቀለማት አንዱን ብቻ ይለካል፤ ሁለቱን ከጎረቤቶቹ ጠይቆ ያሰላል። ሒሳቡን ተመልከቱት። በ24 ሚሊዮን ነጥብ ምስል ውስጥ 72 ሚሊዮን የቀለም ቁጥር አለ፤ በእርግጥ የተለካው 24 ሚሊዮኑ ነው፤ 48 ሚሊዮኑ ግምት ነው። ጥሩ ግምት ነው፤ ጎረቤት ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ ጎረቤቱን ይመስላልና። ሆኖም ግምት ነው።

በስልኮቻችን ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። 108 ሚሊዮን ነጥብ አለው ተብሎ በሚሸጥ ስልክ ውስጥ የአንዱ ነጥብ ስፋት 0.8 ማይክሮሜትር ያህል ነው። ብርሃን ግን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተናልና፣ ከአንዲት ኮከብ የመጣ ጨረር እንኳ ሰሌዳው ላይ የሚያርፈው እንደ መርፌ ጫፍ ሳይሆን እንደ ትንሽ ክብ ነው። በእንዲህ ያለ የስልክ ሌንስ የክቡ ስፋት ከ2 ማይክሮሜትር ያልፋል። እንግዲህ ብዙ ነጥቦች በአንዲት ጠብታ ብርሃን ላይ ተሻምተው ቆመዋል ማለት ነው። ቁጥሩ በዛ እንጂ የሚያየው አልበዛም። አንድን ወሬ አሥር ሰው ቢደግመው አሥር ምስክር አይሆንም።

ከዚህ ተነሥቶ አንድ የፊልም ወዳጅ እንዲህ ሊል ይችላል። «አየህ! ፊልም ሐቀኛ ነው። ስታጎላው ስታጎላው በመጨረሻ ቅንጣቱ ይወጣል። ‹ከዚህ ወዲያ አላውቅም› ይልሃል። ዲጂታሉ ግን የማያውቀውን እየገመተ ይሞላል።» ሐሳቡ ያምራል፤ ግማሽ እውነትም አለው። እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም።

አንደኛ፣ በፊልሙ ዘመንም እጅ ነበረ። የፎቶ ቤት ባለሙያ እርሳሱን አሹሎ፣ ኔጌቲቩ ላይ የፊት ጠባሳና የዐይን ሥር እጥፋት ያጠፋ ነበር። ጥቁርና ነጩን ፎቶ በብሩሽ ቀለም ይቀባው ነበር። በስታሊን ዘመን ከመሪው ጎን ቆመው የነበሩ ሰዎች በተራቸው ሲገደሉ ከፎቶውም ይፋቁ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ያ ሁሉ የተሠራው በፊልምና በመቀስ ነው። ኮምፒዩተር ገና አልተወለደም።

ሁለተኛ፣ ፊልም ራሱ ሲፈበረክ የማንን ፊት አጥርቶ እንዲያይ ተወስኖለት ነበር። ኮዳክ በየማጠቢያ ቤቱ ያሠራጨው የቀለም ማስተካከያ «ሸርሊ ካርድ» ይባል ነበር። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ነበረች፤ ቀለሙ ልክ ነው የሚባለው የእሷ ቆዳ ልክ ሲሆን ነው። ጥቁሩ ሰው ከነጩ ጎን ቆሞ ሲነሣ ፊቱ ጥላ ሆኖ፣ ጥርሱና የዐይኑ ነጭ ብቻ ተርፎ ይወጣ የነበረው ተፈጥሮ አዝዞ አልነበረም። በደቡብ አፍሪካም የአፓርታይድ መንግሥት ጥቁሮችን የሚቆጣጠርበትን የይለፍ ደብተር ፎቶ ለማንሣት የፖላሮይድን ሥራ ይጠቀም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 የኩባንያው ጥቁር ሠራተኞች ካሮላይን ሃንተርና ኬን ዊልያምስ ይህን ተቃውመው ተነሡ። በ1977 ኩባንያው ከደቡብ አፍሪካ ገበያ ወጣ። እንግዲህ የፊልም ቅንጣት ንጹሕ ነው የሚለን ካለ ይህን ታሪክ ያንብብ።

ሦስተኛ፣ ልጅ ከአባቱ ቤት ነው የወጣው። የመጀመሪያውን በእጅ የሚያዝ ዲጂታል ካሜራ የሠራው ስቲቨን ሳሰን የሚባል የኮዳክ መሐንዲስ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1975 ነበር። 100 በ100፣ በድምሩ 10,000 ነጥብ ብቻ ነበረው። አንዱን ምስል በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሴኮንድ ይፈጅ ነበር። ሐቀኛ ነው የምንለው ፊልምና ገማች ነው የምንለው ዲጂታል ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው። ስለዚህ ሐቀኝነት በዕቃው ውስጥ አይገኝም። ታዲያ የት ነው የሚገኘው?

ለዚህ መልስ የሚረዳ አንድ ሥዕል እኛው ሰፈር አለ። ሳሪስ አቦ ቤተ ክርስቲያን የሄደ፣ ወይም በታክሲ መስታወት ላይ የተለጠፈውን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል፤ ነጭ ፀጉርና ጢማቸው ገላቸውን አልብሶታል፤ አንበሶችና ነብሮች በግራ በቀኝ ተኮልኩለዋል፤ አንዲት ወፍም ከዐይናቸው ዕንባ ትጠጣለች። በወር በወሩ በ5 የሚሳለመው ምእመን ይህን ሥዕል አይቶ «አቦ!» ለማለት አይዘገይም። ሥዕሉን በካሜራ ሚዛን እንመዝነው። ስንት ጥንድ መስመር ይለያል? ጥያቄው ራሱ ያስቃል። ዐይኑ ሁለት ቅስት፣ አፍንጫው አንድ መስመር ነው። በጥንቱ ሥዕላችን ጻድቁ በሁለት ዐይን፣ ኃጥኡ በጎን በአንድ ዐይን ይሣል የለ? ይህም ደንብ እንጂ ልኬት አይደለም። ሆኖም ሥዕሉ ውሸታም ነው የሚል የለም። ለምን? «እኔ ፊታቸውን አይቻለሁ» ብሎ አይናገርማ። ሥዕሉ የሚናገረው ስለ ትዕግሥታቸው፣ ስለ ርኅራኄያቸው፣ አራዊት እንኳ ስለ ለመዷቸው ነው። የገባው ቃል ይህ ነው፤ ቃሉንም ጠብቋል።

ፎቶግራፍ ግን የገባው ሌላ ቃል ነው። ፎቶግራፍ «እኔ እዚያ ነበርሁ» ይላል። ከዚያ ሰው ፊት የተነሣ ብርሃን ይህን ቦታ ነክቶታል፤ የቀረው ምልክት ይህ ነው ይላል። ስለዚህ የፎቶ ሙያ ከሠዓሊ ይልቅ ለምስክር ይቀርባል። ምስክር ደግሞ የሚመሰገነው ብዙ በማውራቱ አይደለም። ችሎት የቆመ ሰው «ልብሱ ምን ዐይነት ነበር?» ቢባልና «ጨልሞ ነበር፣ አላየሁም» ቢል፣ ያ «አላየሁም» ለተናገረው ሁሉ ዋስ ይሆንለታል። ሁሉን ነገር አየሁ የሚለውን ምስክር ግን ዳኛ ይጠረጥረዋል። በምስክርነት ሚዛን «አላውቅም» ማለት ጉድለት አይደለም፤ የቀረውን የሚያስከብር ክብደት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። ከሳሪስ ገበያ እስከ አቦ ማዞሪያ በመንገዱ ዳርና ዳር ስትሄዱ ጉርድ ፎቶ የሚያነሡ፣ አሮጌ ፎቶ የሚያድሱ ቤቶች ታገኛላችሁ። እንበልና አንዲት እናት ከመቀነታቸው ፈትተው የልጃቸውን ጉርድ ፎቶ ያወጣሉ። 3 በ4 ሳንቲሜትር ነው፤ ጥጉ ታጥፏል፤ የማኅተም ቀለም ነክቶታል። ልጃቸው ከሞተ ዘመን የለውም፤ ሌላ ፎቶ የለም። ለሙት ዓመቱ ግድግዳ የሚሞላ አድርጋችሁ አጉሉልኝ ይላሉ።

ያቺ ፎቶ ምን ታውቃለች? እንደ ተለመደው በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ብናነባት በወርድ 354፣ በቁመት 472 ነጥብ ትሰጠናለች። በድምሩ 167,000 ገደማ ነው፤ የአንድ ሚሊዮን አንድ ስድስተኛ ያህል ብቻ። የልጁ ፊት በፎቶዋ ላይ 2 ሳንቲሜትር ቢረዝም፣ የዐይኑ ብሌን ከጥቁሩ ጫፍ እስከ ጫፍ 13 ያህል ነጥብ ይደርሰዋል። የዐይኑ ሽፋሽፍት ግን አንድ ነጥብ እንኳ አይሞላም። ይህን ፎቶ ወደ 60 በ80 ሳንቲሜትር ብናሳድገው እያንዳንዱ ነጥብ ወደ 1.7 ሚሊሜትር ያድጋል። ሽፋሽፍት አይኖርም። ከመጀመሪያውም አልነበረም!

የዛሬው ማደሻ ፕሮግራም ግን ሽፋሽፍት ይሠራል። አንድ በአንድ። የዐይኑን ብልጭታ፣ የከንፈሩን መስመር፣ የቆዳውን ቀዳዳ ይሠራል። ከየት አመጣው? ከልጁ አይደለም። በሚሊዮን ከሚቆጠር የሌላ ሰው ፊት የተማረውን «እንዲህ ያለ ብዥታ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ዐይን ነው» ብሎ ያመጣዋል። ለልጁ የማያውቀው ሰው ዐይን ተሰጠው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ እንዲህ ዐይነት ፕሮግራም የባራክ ኦባማ ፎቶ በትልልቅ ነጥብ ተበላሽቶ ቢሰጠው፣ አድሶ ያወጣው የአንድ ነጭ ሰው ፊት ነበር። ምስሉ የጠራ ነበር፤ ሰውየው ግን ጠፋ። ሸርሊ ካርድ አልሞተችም፤ ልብስ ቀይራ ነው የመጣችው። በ2023ም የአንድ ታዋቂ ኩባንያ ስልክ፣ ሆን ተብሎ እንዲደበዝዝ የተደረገ የጨረቃ ምስል ከኮምፒዩተር መስኮት ላይ ቢያነሣ፣ መስኮቱ ላይ ያልነበረ ዝርዝር ጨምሮ ማውጣቱ በዓለም ዙሪያ አከራክሯል። ጨረቃስ አትከፋም። የሰው ልጅ ግን የጨረቃን ያህል የሚታወቅ ፊት የለውም፤ ተሳስቶ ቢታደስ «ይህ እሱ አይደለም» የሚልለት ጥቂት ሰው ነው፤ እነሱም አንድ ቀን ያልፋሉ።

እዚህ ላይ የሚቃወመኝ አለ፤ ተቃውሞውም ቀላል አይደለም። «አንተ ምን ቸገረህ? እናት ከተጽናኑ ይበቃል። ድንኳን ውስጥ ብዥታ ሰቅለን እንልቀስ ወይ? ለሐዘንተኛ ሁሌ ልኩ ይነገራል እንዴ? ‹ብዙ አልተሠቃየም› ተብሎ አይነገርም ወይ?» በእውነት ከባድ ነው። ለሐዘንተኛ የምንለው ሁሉ በሚዛን ተለክቶ አይወጣም፤ ባህላችንም አይፈቅደውም። ግን ልዩነት አለው። «አልተሠቃየም» ያለው ጎረቤት ነው፤ እናትዬው የጎረቤትን ማጽናኛ እንደ ማጽናኛ ይቀበሉታል፤ ልባቸው ያውቃል። ፎቶው ግን የሚናገረው በልጁ ስም ነው። ቀስ በቀስ አሮጌዋ ጉርድ ከመሳቢያ ትጠፋለች፤ ግድግዳው ላይ ያለው ይቀራል፤ የልጅ ልጆች አጎታቸውን በዚያ ያውቁታል። ማጽናኛው ማስረጃ ሆነ። እናት እንዲጽናኑ ተብሎ ልጃቸው በሌላ ሰው ተተካባቸው። ይህ ሳይነገራቸው ከተደረገ ደግሞ ስርቆት ነው ብል የበዛ አይመስለኝም።

ታዲያ ማደስ ይቅር ወይ? አይቅር። ለዚህ ከአባቶች የተማርነው ሥርዓት አለ። በመጻሕፍት ቤት ንባብ ሌላ ነው፣ ትርጓሜ ሌላ ነው። መምህሩ ንባቡን ያነባል፤ ከዚያ «አንድም» እያለ ያፈታታዋል። አንድም እንዲህ፣ አንድም እንዲያ። ትርጓሜው ከንባቡ አሥር እጥፍ ቢረዝም ማንም አይከፋም። ነገር ግን ትርጓሜውን በንባቡ ውስጥ ሰክቶ «ንባቡ ይህ ነው» የሚል ተማሪ ቢገኝ ይገሠጻል። «አንድም» የምትለዋ ትንሽ ቃል ትልቅ አጥር ናት፤ ከዚህ ወዲህ የተጻፈው፣ ከዚህ ወዲያ እኛ የተረዳነው ብላ ትለያለች። የዲጂታሉ ግምት ኃጢአቱ መገመቱ አይደለም። «አንድም» ሳይል መገመቱ ነው። ፊልም ወዳጁ የወደደው ቅንጣትም ሌላ ምንም አይደለም፤ ሳያውቀው የሚጻፍ «ንባቡ እዚህ አለቀ» የሚል ምልክት ነው።

ጉዳዩ ከአንድ ቤት ሐዘን አልፎ የአገር ጉዳይ የሚሆንበትን ቦታ ላሳያችሁ። መስቀል አደባባይ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ2010 የተከፈተው የ«ቀይ ሽብር» ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። ያልገባ ተማሪ ካለ ይግባ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከነበሩት እልቂቶች የተረፈው በዚያ ተቀምጧል፤ ግድግዳው በፎቶ ተሞልቷል። የኛ እኩያ ናቸው። ብዙዎቹ ፎቶዎች ከመታወቂያና ከቤተሰብ አልበም የወጡ የሚመስሉ ጉርዶች ናቸው፤ የደበዘዘ አለ፣ ቅንጣቱ የወጣ አለ። ዛሬ አንድ ቅን ሰው ተነሥቶ «እነዚህን በአዲሱ ፕሮግራም እናጥራቸው፤ ዐይናቸው ይብራ፤ ፈገግ ይበሉ» ቢል ምን እንመልሳለን?

እኔ አይሆንም እላለሁ። ያ ብዥታ ጉድለት አይደለም፤ እሱም የታሪኩ አካል ነው። አንድ ወጣት ከሞተ በኋላ በዚህ ዓለም ላይ የቀረለት መልክ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ወረቀት ብቻ መሆኑ ራሱ ምስክርነት ነው። ያልተነሣው የምርቃት ፎቶ፣ ያልተነሣው የሠርግ ፎቶ በዚያ ብዥታ ውስጥ አለ። ይህን በሐሰት ጥራት ከሸፈንነው የገዳዩን ሥራ አሳነስንለት። ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ፍርድ ቤት ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን በሌሉበት፣ ሌሎች ባለሥልጣናትንም ጥፋተኛ ሲል ከማስረጃዎቹ መካከል ደርግ ራሱ የጻፋቸው ሰነዶች ነበሩ። ሰነድ የሚያስፈርደው ማንም እንዳልነካካው ሲታመን ነው። በአንዱ ፎቶ ላይ ሽፋሽፍት ከጨመርን ነገ አንድ ካጅ ይነሣና «ሽፋሽፍቱ የተፈጠረ ከሆነ ሰውየውም የተፈጠረ ነው» ይለናል። አፉን የምንዘጋበት መልስ አናገኝም።

ስለዚህ ለፎቶ ቤትም፣ ስልክ ለያዝን ለሁላችንም ሦስት ነገር ይበቃል እላለሁ። አንደኛ፣ የመጀመሪያዋ ፎቶ፣ ጥጓ ታጥፎም ቢሆን፣ አትጣል፤ ኔጌቲቭም ካለ ይቀመጥ፤ ንባቡ እሱ ነውና። ሁለተኛ፣ የታደሰው ጀርባ ላይ «ታድሷል፤ ዐይኑ ተሠርቷል» ተብሎ በእስክሪብቶ ይጻፍ። ሦስት ቃል ናት፤ ቀለም አትጨርስም። ሦስተኛ፣ ባለጉዳዩ ይጠየቅ። «እናቴ፣ እንዲህ ብናደርገው ያምራል፤ ግን ይህ ክፍል የልጅዎ አይደለም፤ የማሽኑ ግምት ነው። ያድርግልዎ ወይስ እንዳለ ይጉላ?» ይባሉ። እሳቸው «ግዴለም ልጄ፣ ይሠራ» ካሉ ይሠራ። ፈቅደዋል፤ አውቀዋል፤ «አንድም» ተብሏል። የሰውን ልጅ ማክበር ማለት የሚጎዳውንና የሚጠቅመውን እኛ መርጠን መስጠት ብቻ አይደለም፤ የሚያውቀውን ያህል አሳውቆ እንዲመርጥ መተው ነው።

ወደ ሻይ ቤቱ ክርክር ልመለስና ላብቃ። ፊልም ነው ዲጂታል የሚበልጠው? ጥቁርና ነጭ መስመር ከሆነ ፊልሙ፤ ግራጫ ከሆነ ዲጂታሉ፤ ሌንሱ መጥፎ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም አይረቡም። ይህ ለገዢ የሚነገር መልስ ነው። ለኅሊና የሚነገረው ግን ሌላ ነው። ልብ ካላየ ዐይን አያይም ይባላል። የካሜራ ጥራት ስንት ነገር እንደ ለየ ይቆጠራል፤ የሰው ጥራት ግን ያየውንና የገመተውን በመለየቱ ይታወቃል። አባቶች «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ሲሉ እያደር አሉ እንጂ በአንድ ቁልፍ አላሉም። ንጋት የሚጠራው ብርሃን ሲመጣ ነው። ብርሃን ሳይመጣ መስኮቱ ላይ ፀሐይ ሥሎ «ነጋ» ማለት ግን የተኛውን ያታልላል እንጂ ሌሊቱን አያሳጥርም።